«ታይፕ ሲ» ስንል የትኛውን ሲ ነው?

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ለገና ልትመጣ ስትዘጋጅ «ጋሼ፣ እዚያ ያለው ሶኬት ምን ዓይነት ነው? የፀጉር ማድረቂያዬን ላምጣው?» ብላ በቴሌግራም ጠየቀችኝ። መልእክቱን ያየሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። የሙያው ሰው መሆኔን ላሳይ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳልጨምር «ታይፕ ሲ» ብዬ መለስኩላት። መልሱ ስህተት አልነበረበትም፤ በዓለም አቀፉ የሶኬት ዝርዝር ባለ ሁለት ክብ እግሩ ስፒና ስሙ ታይፕ ሲ ነው። እሷ ግን ጥያቄዋን ረስታው ስለነበር ዕቃ ያዘዝኳት መስሏት ሦስት የስልክ ቻርጀር ገመድ ገዝታ መጣች። ማድረቂያውንም ይዛዋለች።

ጥፋቱ የስሙ ነው እላለሁ። ት/ቤት፣ ጠ/ሚ፣ ዓ.ም. ብለን ስንጽፍ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ፈትቶ ያነበዋል። የመሰኪያ ምህጻረ ቃላት ግን ተጣጥፈው መጥተው እንደተጣጠፉ ቀሩ፤ አርጄ፣ ቢኤንሲ፣ ኤስሲ፣ ኤፒሲ፣ ዩኤስቢ። ፊደላቱን መፍታት ብቻ ቢሆን ችግሩ ባልከፋ። የሚከፋው፣ ስሞቹ የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር መሆኑ ነው። አንዱ ቅርጽን ይነግረናል፣ አንዱ የሽቦዎቹን አሰላለፍ፣ አንዱ የሠሩትን ሰዎች፣ አንዱ የወሰነውን ኮሚቴ። እኛ ሁሉንም የቅርጽ ስም አድርገን እንጠራቸዋለን፤ «ከገባ ይሠራል» የሚለው እምነትም የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቀላል ነገር እናስቀድም። ሠራተኛ «ወንዴ» ሲል እግር ወይም መርፌ ያለውን፣ «ሴቴ» ሲል ቀዳዳ ያለውን ነው። የሚታየው ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ብረት እንጂ የውጭው ቅርፊት አይደለም። አንዳንዱ መሰኪያ በቅርፊቱ ሌላውን ሲያቅፍ ሴቴ ይመስላል፤ ውስጡ መርፌ ካለው ግን ወንዴ ነው። ሱቅ ውስጥ ቅርፊቱን አይቶ የገዛ ሰው ተመልሶ መሄዱ አይቀርም።

አሁን ከሁሉ በላይ የተበደለውን ስም እንይ፤ አርጄ 45። በኔትወርክ ገመድ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ስትገባ «ቀጭ» የምትለው ግልጽ ፕላስቲክ ስሟ ይህ አይደለም ቢባል ብዙ ሰው ይከራከራል። አርጄ ማለት ሬጅስተርድ ጃክ፣ የተመዘገበ ጃክ ነው። የተመዘገበው አሜሪካ ነው። እዚያ አገር ለብዙ ዘመን የስልክ መስመሩም ቀፎውም የስልክ ኩባንያው ነበር፤ ደንበኛ የራሱን መሣሪያ ከመስመሩ ጋር እንዲያገናኝ አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በ1968 የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን «ካርተርፎን» በሚባለው ጉዳይ፣ መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ የሌላ አምራች መሣሪያም ይገናኝ ብሎ ወሰነ። በ1970ዎቹ ደግሞ መሣሪያዎች የሚመዘገቡበት ሥርዓት ወጣ፤ ለእያንዳንዱ የመገናኛ ዓይነትም ኮድ ተሰጠው።

ኮዱ ለፕላስቲኩ አልተሰጠም። አርጄ 11፣ አርጄ 14 እና አርጄ 25 የሚሰኩት በአንድ ዓይነት ባለ ስድስት ቦታ ፕላስቲክ ነው። አርጄ 11 አንድ የስልክ መስመር፣ አርጄ 14 ሁለት፣ አርጄ 25 ሦስት ያስገባል። ስለዚህ ቁጥሩ «ይህ ፕላስቲክ በዚህ አሰላለፍ ለዚህ አገልግሎት ሲታሰር» ማለት ነው። ፕላስቲኩን ብቻ መጥራት የፈለገ መሐንዲስ 6ፒ2ሲ፣ 6ፒ4ሲ፣ 8ፒ8ሲ ይላል። ፒ ፖዚሽን፣ ያለውን ቦታ ይቆጥራል፤ ሲ ኮንታክት፣ ከቦታዎቹ ስንቱ የብረት ምላስ እንደገባበት። የኔትወርኩ ፕላስቲክ 8ፒ8ሲ ነው፤ ስምንት ቦታ፣ ስምንት ምላስ።

እውነተኛው አርጄ 45 ለሞደም ተብሎ የተመዘገበ፣ ጎኑ ላይ ተጨማሪ ጥርስ የነበረው፣ ውስጡም የምልክቱን ኃይል የሚወስን ሬዚስተር የሚገናኝበት ሌላ ዕቃ ነው። ዛሬ የሚያገኘው የለም። ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ኢተርኔት የተጠቀመው ጥርስ የሌለውን ነበር፤ ሰው ግን አምሳያ ስላየ በሞደሙ ስም ጠራው፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። እኔም ሱቅ ስገባ «አርጄ 45 ስጠኝ» ነው የምለው። 8ፒ8ሲ ብል ሻጩ ያሾፍኩበት ይመስለዋል።

ታዲያ ስሙ ምን አስጨነቀን? የሚያስጨንቀው አሰላለፉ ነው። ስምንቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው አራት ጥንድ ተገምደዋል። የተገመዱት ለውበት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ፣ የመብራት መስመርም ይሁን የጎረቤት ሞተር፣ የአንዱን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች እኩል ይነካቸዋል። ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ ሁለቱም ላይ እኩል የመጣው ረብሻ ይጣፋል። ይህ የሚሠራው አንድ ምልክት የሚሄደው በአንድ ጥንድ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

የኔትወርክ ገመድ መስፈርቱ ሁለት አሰላለፍ ይፈቅዳል፤ ቲ568ኤ እና ቲ568ቢ። ቢ እንዲህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ኤ ብርቱካኑንና አረንጓዴውን ጥንድ ብቻ ያለዋውጣል። ትኩር ብሎ ላየው አንድ ነገር ይጎረብጣል፤ አረንጓዴው ጥንድ ለምን ተለያየ? 3ኛና 6ኛ ላይ ተቀምጦ ሰማያዊውን መሐል አስገብቷል። መልሱ ያው ስልክ ነው። መሐሉ፣ 4ኛና 5ኛው፣ የመጀመሪያው የስልክ መስመር ቦታ ነበር፤ በዙሪያው ያሉት 3ኛና 6ኛው የሁለተኛው። ጠባቡ የስልክ መሰኪያ በሰፊው ቀዳዳ መሐል ሲገባ እንዲገናኝ ሲባል አሰላለፉ እንደ ቀድሞው ቀረ። ዛሬ በየቢሮው ገመድ የሚያስር ልጅ ሁሉ የዚያን ዘመን የስልክ ሥራ ሳያውቀው ይደግመዋል።

ይህን የማያውቅ ሰው ደግሞ ያስተካክለዋል! አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ያየሁት ይህንኑ ነው። ገመዱን ያሰረው ልጅ ነጭ-አረንጓዴን ከአረንጓዴ፣ ነጭ-ሰማያዊን ከሰማያዊ ጎን ለጎን በወግ ደርድሮታል። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ የመሞከሪያው ስምንት መብራቶች በተርታ በሩ። መሞከሪያው የሚያውቀው ሽቦው ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። በ3ኛና በ6ኛ የሚሄደው ምልክት ግን አንድ እግሩ በአረንጓዴው ጥንድ፣ ሌላው እግሩ በሰማያዊው ውስጥ ሆነ። አጭሩ ገመድ እንደምንም ሠራ፤ ረጅሙ ፎቅ ለፎቅ የሄደው ግን ይገናኛል፣ ይቋረጣል። ሰዎቹ ሁለት ጊዜ ራውተር ቀይረዋል። በሙያው ይህ ስህተት «ስፕሊት ፔር» ይባላል፤ የተለያየ ጥንድ ማለት ነው። በርካሽ መሞከሪያ አይያዝም፤ የሚያዘው ቀለሙን በዓይን በማንበብ ነው።

ሌላ ጠቃሚ ምልክት ልጨምር። በሰከንድ 10 እና 100 ሜጋቢት የተባሉት ፍጥነቶች የሚሄዱት በሁለት ጥንድ ብቻ ነው፤ በ1፣ 2፣ 3 እና 6። 1,000 ሜጋቢት፣ ማለትም አንድ ጊጋቢት፣ አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩም፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊችም ጊጋቢት ሆነው ግንኙነቱ 100 ላይ ከቆመ፣ በአብዛኛው ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዱ አልነካም ማለት ነው። ኢንተርኔት አቅራቢውን ከመውቀስ በፊት ጫፉን ቆርጦ እንደገና ማሰር ይሻላል።

ገመዱ ላይ የሚጻፉትም እንዲሁ ይፈታሉ። ዩቲፒ ማለት መከለያ የሌለው ግምድ ጥንድ ነው። ኤስ/ኤፍቲፒ የሚል ካያችሁ፣ ከእዝባሩ በፊት ያለው ፊደል ገመዱን በሙሉ ስለሸፈነው፣ በኋላ ያለው እያንዳንዱን ጥንድ ስለሸፈነው ይናገራል፤ ኤስ የተጠለፈ ሽቦ፣ ኤፍ ስስ ብረት፣ ዩ ምንም። ሲሲኤ የሚል ካለ ደግሞ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነውና፣ በገመዱ ካሜራ ወይም ስልክ ኃይል የሚቀበል ከሆነ ይቅርባችሁ።

ከኔትወርክ ገመድ ወደ ጣሪያ እንውጣ። ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ የሚመጣው ወፍራም ገመድ ጫፍ ላይ በክር የሚጠበቀው «ኤፍ» ነው። ብልሃቱ መርፌ የሌለው መሆኑ ነው፤ የገመዱ የራሱ የመሐል መዳብ ወጥቶ መርፌ ይሆናል። ርካሽ የሆነውም፣ ጣጣ የሚያመጣውም በዚሁ ነው። ገመዱ ላይ አርጂ 6 የሚል ይጻፍበታል፤ አርጂ ከአሜሪካ ጦር የዕቃ አሰያየም የቀረ ነው። ስሙ ላይ ያልተጻፈው ዋናው ቁጥር 75 ኦም ነው፤ ገመዱ ለሚሄድበት ምልክት የሚያሳየው መቋቋም (ኢምፔዳንስ)።

ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ሎው ኖይዝ ብሎክ ማለት ነው። ከሳተላይቱ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ የሚመጣውን ሞገድ ገመድ ሊሸከመው ወደሚችለው፣ ከ950 እስከ 2,150 ሜጋኸርዝ ዝቅ ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ ኃይል የሚያገኘው በዚያው ገመድ ከሪሲቨሩ ነው። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካሎቹን (ቀጥ ብለው የሚወዛወዙትን ሞገዶች)፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታሎቹን (አግድም የሚወዛወዙትን) አምጣ ማለቱ ነው። እንግዲህ ክረምት አልፎ «ግማሹ ጣቢያ ጠፋ» ስትሉ ዲሹ ዞረ ብላችሁ ጣሪያ ከመውጣታችሁ በፊት ኤፉን ፍቱት። ዝናብ ገብቶ ከዛገ 18ቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይወርድና ኤልኤንቢው 13 መስሎት ቨርቲካል ላይ ይቀራል። ከመከለያው አንዲት ቀጭን ሽቦ አምልጣ መሐሉን ከነካች ደግሞ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

በጥበቃ ካሜራ ጀርባ የምናየው ተገፍቶ ሩብ ዙር የሚጠመዘዘው ቢኤንሲ ነው። ቢ ባዮኔት ነው፤ ሳንጃ። ሳንጃ ጠመንጃ አፍ ላይ እንደሚቆለፈው ማለታቸው ነው። ኤንና ሲ የሁለት መሐንዲሶች ስም ናቸው፤ የቤል ላብራቶሪው ፖል ኒል እና የመሰኪያ አምራቹ የአምፌኖል ሰው ካርል ኮንስልማን። «የብሪታንያ ባሕር ኃይል መሰኪያ» ነው እያለ የሚያስተምር ብዙ አለ፤ ፊደሉ ስለገጠመ ብቻ የተፈጠረ ተረት ነው። ቢኤንሲ በ50 ኦምም በ75 ኦምም ይሠራል። ካሜራው 75ቱን ይፈልጋል፤ ስሙ ግን አይለይላችሁም።

ፋይበር ላይ፣ ማለትም ምልክቱን በብርሃን የሚያስተላልፈው የመስታወት ገመድ ላይ ሲደረስ ስም የቀለም ጉዳይም ይሆናል። ቤት ግድግዳ ላይ የሚመጣው አራት ማዕዘኑ መሰኪያ ኤስሲ ነው፤ ጃፓን ውስጥ በስልክ ኩባንያው ኤንቲቲ የተሠራ። ኤስ ምን እንደሆነ እንኳ ሦስት ፍቺ ይዞራል፤ ሰብስክራይበር፣ ስታንዳርድ፣ ስኩዌር። በስዊች ላይ የሚሰካው ትንሹ ኤልሲ ነው፤ ኤል ሉሰንት ከሚባለው ኩባንያ የመጣ። ኤስሲ ውስጥ ያለችው ነጭ የሴራሚክ ጣት 2.5 ሚሊ ሜትር ስትሆን የኤልሲ ግማሽዋ፣ 1.25 ናት።

ይህ ግን የቅርጹ ስም ነው። ከጎኑ ዩፒሲ ወይም ኤፒሲ የሚል ሁለተኛ ስም አለ፤ ዋናው እሱ ነው። ፒሲ እዚህ ኮምፒውተር አይደለም፤ «ፊዚካል ኮንታክት» ነው፣ መስታወት ከመስታወት መነካካት። ዩፒሲ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተሞረደ ሲሆን ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ኤፒሲ 8 ዲግሪ ዘመም ብሎ ተሞርዷል፤ ቀለሙ አረንጓዴ። ዘመም የተደረገው ከጫፉ የሚነጥረው ብርሃን በመጣበት ወደ ላኪው ሌዘር እንዳይመለስ፣ ወደ ጎን እንዲወጣ ነው። አረንጓዴው ሰማያዊው ውስጥ ይገባል፣ ቀጭ ይላል፣ አንዳንዴም ደካማ ግንኙነት ይሰጣል። ውስጡ ግን ዘማማው ከቀጥተኛው ጋር ተጋጥሞ ክፍተት ይፈጥራል፤ ብርሃን ይባክናል፣ የተሞረደው ፊትም ይጫጫራል። ብርሃኑ የሚያልፍበት የመስታወቱ እምብርት ወደ 9 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ከፀጉር ብዙ እጥፍ የቀጠነ። አንድ ጭረት ምን እንደሚያደርግ ገምቱ። ጫፉን «ብርሃን አለ ወይ» ብሎ በዓይን ማየትም ልማድ ሆኗል፤ ተዉት። ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ስለሆነ ጉዳቱም ሳይታይ ነው የሚደርሰው።

ጄኔሬተርና ዩፒኤስ ጀርባ ያለውን፣ የዲ ቅርጽ ያለውን ባለ 9 መርፌ «ዲቢ-9» እንለዋለን። ስሙ ስህተት ነው። ካነን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲያወጣው ሁለተኛው ፊደል የቅርፊቱ መጠን ነበር፤ ኤ ለ15 መርፌ፣ ቢ ለ25፣ ኢ ለ9። ዲኢ-9 መባል ነበረበት፤ ባለ 25ቱ ዲቢ ስለገነነ ሁሉም ዲቢ ሆኖ ቀረ።

ወደ እህቴ ልጅ ሦስት ገመዶች ልመለስ። ዩኤስቢ ማለት ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ነው፤ ሁሉን አቀፍ እንደማለት። ታይፕ ሲ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን፣ ገልብጠን ብንሰካው ግድ የማይሰጠውን ባለ 24 መገናኛ ቅርጽ ብቻ ነው። በውስጡ ምን እንደሚሄድ አይናገርም። ሦስቱን ገመዶች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሦስቱም ስልክ ይሞላሉ። ሁለቱ ፋይል የሚያሳልፉት በ480 ሜጋቢት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ነው። ላፕቶፔን ከስክሪን ጋር ያገናኘው ሦስተኛው ብቻ ነበር። በመልክ አይለያዩም።

የፍጥነቱ ስም ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በ5 ጊጋቢት የሚሄደው መጀመሪያ ዩኤስቢ 3.0 ተባለ፤ ቆይቶ ያው ራሱ 3.1 ጄን 1 ሆነ፤ እንደገና 3.2 ጄን 1። ነገሩ አልተለወጠም፣ ሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንጂ። ኃይልም እንደዚሁ ነው። በውስጡ ማንነቱን የሚናገር ቺፕ የሌለው የሲ ገመድ ከ3 አምፔር፣ ማለትም ከ60 ዋት በላይ አይፈቀድለትም፤ ትልቅ ላፕቶፕ በስልክ ገመድ ቀስ ብሎ የሚሞላው ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 240 ዋት ለመሸከም ቺፑ ግድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ስልኮች በዚህ ቅርጽ እንዲሞሉ አስገድዷል፤ ቅርጹ አንድ ሆነ፣ ገመዱ ግን አሁንም ዓይነቱ ብዙ ነው።

ሦስተኛም ሲ አለ። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር የኃይል ገመድ ጫፍ ሲ13፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መቀበያው ሲ14 ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ጡብ ላይ የሚገባው፣ ሦስት ቅጠል የሚመስለው ሲ5፤ የራዲዮው ስምንት ቁጥር የሚመስለው ሲ7። ጎዶሎው ቁጥር ገመዱ ላይ፣ ሙሉው ዕቃው ላይ ነው፤ ይህን ከያዛችሁ ዝርዝሩን ማጥናት አያስፈልግም።

የግድግዳው ሲ ግን ፊደሉ የአገሮችን ሶኬት የሚለይ ነው። እኛ ዘንድ የተለመዱት ሲ እና ኤፍ ናቸው። ሲ ሁለት ክብ እግር አለው፣ የመሬት ሽቦ የለውም፤ ቀጭኑ የስልክ ቻርጀር ስፒና 2.5 አምፔር ብቻ ይሸከማል። ኤፍ «ሹኮ» የሚባለው የጀርመኑ ነው፤ ስሙ በጀርመንኛ የመከላከያ ንክኪ ከሚለው ቃል ተቆርጦ የወጣ ሲሆን፣ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት የብረት ምላሶች የመሬት ሽቦ ናቸው፤ 16 አምፔር ይችላል። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ ጂ ነው፣ እንግሊዝኛው፤ ሆዱ ውስጥ ፊውዝ አለው። ቮልቴጁ ከእኛ ስለሚቀራረብ የጂን ዕቃ በአስማሚ መሰካት በአብዛኛው ችግር የለውም። ችግሩ ሁለት እግር ብቻ ባለው ርካሽ አስማሚ ሲሰካ ነው፤ ፍሪጁ ወይም ምድጃው ይሠራል፣ የመሬት ሽቦው ግን የትም አልደረሰም። ያ ሽቦ ሥራው የሚታወቀው ቀፎው ኤሌክትሪክ የያዘ ቀን ነው።

የእስራኤሉ ኤች፣ የአሜሪካው ኤ እና ቢ ነው። አስማሚ የሚለውጠው ቅርጽን ብቻ መሆኑን የምትማሩት በአሜሪካው ነው፤ እዚያ ያለው 120 ቮልት 60 ኸርዝ፣ እዚህ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ «100–240» የሚል ይነበባል፤ እሱ የትም ይሠራል። የእህቴ ልጅ ማድረቂያ እጀታው ላይ የተጻፈው ግን 120 ቮልት፣ 1,875 ዋት ነበር። ማሞቂያ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ በእጥፍ ገደማ ሲጨምር ኃይሉ በእጥፍ ሳይሆን የቮልቴጁ ጭማሪ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚጨምረው። 220ን ለ120 ስናካፍለው 1.83 ነው፤ በራሱ ሲባዛ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። 1,875 የነበረው ወደ 6,300 ዋት ይሆናል፤ ያንን የሚጠብቅ ሽቦ ማድረቂያው ውስጥ የለም።

ስለዚህ አልሰካነውም። ፀጉሯን ሰፈር ያለው ፀጉር ቤት ስትሠራ ሰንብታ፣ ማድረቂያው ከሻንጣው ሳይወጣ ተመልሶ ሜሪላንድ ገባ። ዘንድሮ ለፋሲካ ልትመጣ ስትነሳ ያንኑ ጥያቄ ላከችልኝ። ፊደል አልጻፍኩላትም። የሳሎኑን ሶኬት ፎቶ አንስቼ ከሥሩ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ብዬ ላኩላት።